የጁክ ቦክስ ሆድ ዕቃ ጭኜ ጆንስታውን

ሐሙስ ከሥራ እንደወጣሁ በዚያው ወደ ጆንስታውን፣ ፔንሲልቬንያ መንገድ ጀመርኩ፣ ጁክ ቦክስ የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ ጋ። ጥቅምት ነው፣ ቶሎ ይመሻል። ከኋላ ወንበር ላይ በሁለት ብርድ ልብስ የተጠቀለለ፣ በቺንጋ የታሰረ ዕቃ አለ። ሲበርግ የሚባል ኩባንያ የሠራው የአንድ ጁክ ቦክስ፣ ሳንቲም ሲጨመርበት የመረጥከውን ሸክላ የሚያጫውት ማሽን፣ ሆድ ዕቃ ነው፣ እ.ኤ.አ. የ1961 ሥሪት። ሳጥኑ፣ መብራቱና ድምፅ ማጉያው ሲልቨር ስፕሪንግ ቤቴ ቀርተዋል። የጫንኩት ሸክላውን ፈልጎ፣ ከመደርደሪያው መዝዞ፣ አጫውቶ ወደ ቦታው የሚመልሰውን ክፍልና የሚያዝዘውን የኤሌክትሪክ ሳጥን ብቻ ነው። ለእኔ ጁክ ቦክስ ማለት እሱ ነው።

ማሽኑን አምና በ900 ዶላር ገዛሁት፣ ባልቲሞር ውስጥ ሊዘጋ ከነበረ ቡና ቤት። ምን ሊያደርግልህ ነው ያላለኝ ሰው የለም። አባቴ ወጣት እያለ ናዝሬት አንድ ቡና ቤት ይሠራ ነበር። ቤቱ ጁክ ቦክስ ነበረው። ስሙኒ ጨምረህ ቁልፍ ትጫናለህ፣ ትንሽ ዝም ይላል፣ ከዚያ ጠቅ፣ ጠቅ ብሎ ሙዚቃው ይመጣል። አባቴ ስለዚያ ቤት ሲያወራ ከዘፋኞቹ ይልቅ ስለዚያ ጠቅታ ነው የሚያወራው። ደርግ መጥቶ ሰዓት እላፊ ሲታወጅ የማታው ሰው ቀረ፣ ቤቱም ተዘጋ። ማሽኑ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። ከዚያ ቤት የተረፈው አንድ ሸክላ ብቻ ነው። ከአገር ስወጣ በሻንጣዬ ይዤው መጣሁ። አሁንም ከእኔ ጋር መኪና ውስጥ ነበር፣ በሁለት ካርቶን መሃል።

የማሽኑ ችግር እንዲህ ነው። 80 ሸክላ እንደ መጽሐፍ ቆሞ በአንድ ረድፍ ይደረደራል። ሁለቱም ገጽ ሲቆጠር 160 ምርጫ አለህ ማለት ነው። ሐዲድ አለ፣ በሐዲዱ ላይ ወዲያና ወዲህ የሚሄድ ጋሪ አለ። ቁልፍ ስትጫን ጋሪው ሄዶ የመረጥከው ሸክላ ጋ ቀጥ ማለት አለበት። የእኔ ግን አይቆምም። ከጫፍ ጫፍ ይመላለሳል፣ የጠፋበትን እንደሚፈልግ ሰው።

መጀመሪያ እዚሁ ዲሲ አካባቢ አንድ ጠጋኝ ጋ ወስጄው ነበር። ሦስት ሳምንት አስቀመጠው። ካፓሲተር የሚባሉትን የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ቀየርኩ፣ የመስታወት ቱቦዎቹንም ቀየርኩ ብሎ 350 ዶላር ተቀበለኝ። ቤት ወስጄ ስሰካው ጋሪው ያው ይመላለሳል። ደውዬ ስነግረው «ዕቃው አርጅቷል፣ ምን ይደረግ» አለኝ። ከገንዘቡ ይልቅ ይቺ ቃል ናት ያንገበገበችኝ። መርካቶ ምናለሽ ተራ ተቀምጦ ከውዳቂ ቆርቆሮ ምድጃ የሚያወጣ ሰው ስለ አንድ ዕቃ «አርጅቷል» ሲል ሰምቼ አላውቅም። እዚያ ዕቃ አያረጅም፣ ሌላ ነገር ይሆናል እንጂ።

ከ270 ወደ 70 አውራ ጎዳና፣ ዝናብና ጨለማ። እስከ ብሪዝዉድ ድረስ የምለው የለም። ብሪዝዉድ ላይ ግን አውራ ጎዳናው ድንገት ያልቅና በነዳጅ ማደያዎችና በምግብ ቤቶች መሃል፣ በትራፊክ መብራት እየቆምክ ታልፋለህ። ይህን ረስቼው ፍሬን በደንብ ረገጥኩ። ከኋላዬ ቋ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ልቤ ቀጥ አለ። ማደያ ውስጥ ገብቼ ብርድ ልብሱን ስገልጥ ቺንጋው ተበጥሷል። ጎኔ ነዳጅ ይቀዳ የነበረ የከባድ መኪና ሹፌር ዝም ብሎ ሲያየኝ ቆየና ከመኪናው የራሱን ቺንጋ አምጥቶ፣ በዝናብ ውስጥ ተንበርክኮ አሰረልኝ። ገንዘብ ሳወጣ እጄን መለሰው። «ምንድን ነው?» አለኝ። ነገርኩት። «በዚህ አያያዝማ አሥር ማይልም አይደርስም ነበር» ብሎኝ ሄደ። ቺንጋው እስካሁን እኔ ጋ ነው።

ጆንስታውን የደረስኩት ከምሽቱ 4 ሰዓት ግድም ነው። የያዝኩት ሞቴል ማስታወቂያው ላይ 79 ዶላር ይላል፣ መስኮቱ ጋ ስትደርስ 97 ይሆናል። ዕቃዬን መኪና ውስጥ ትቼ መተኛት ስላልሆነልኝ ተሸክሜ ክፍሌ አስገባሁት፣ ወገቤ እስኪቆረጥ። ማሞቂያው ሌሊቱን ሙሉ ብረት በብረት ሲመታ አደረ። ብዘጋው ብርድ፣ ብከፍተው መዶሻ። ወርጄ ስናገር የተሰጠኝ መልስ ሌላ ክፍል የለም የሚል ነው፣ ከመስታወት ኋላ ሆኖ፣ ቀና ሳይል። ናዝሬት ቢሆን ቢያንስ ዘበኛው ተነስቶ «በሞቴ ጋሼ፣ እስቲ ልየው» ይል ነበር። ላይሠራው ይችላል። ግን መጥቶ ያየዋል።

እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ጎህ ሳይቀድ ከተማውን ዞርኩ። ማዘጋጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ጎርፉ የት ድረስ እንደመጣ የሚያሳዩ ምልክቶች አሉ፣ የ1889፣ የ1936 እና የ1977። የ1889ኙ ከራስህ በላይ ነው። ያኔ ከከተማው በላይ ያለ ግድብ ፈርሶ 2,209 ሰው ሞቷል። የጁክ ቦክስ አያት የሆነው የመጀመሪያው ሳንቲም የሚበላ ፎኖግራፍ፣ የድሮው ድምፅ ማጫወቻ፣ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ አንድ መጠጥ ቤት የተተከለውም በዚያው ዓመት ህዳር ነው። ሁለቱ አይገናኙም። እኔ ግን ከዚያ ምልክት ሥር ቆሜ ቡናዬን ስጠጣ ሁለቱም ነበሩ ጭንቅላቴ ውስጥ።

ሽማግሌው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው የሚኖሩት። ዕድሜያቸው ከ80 አልፏል። ወርክሾፑ ጋራዣቸው ነው። በር ላይ ዉርሊትዘር 1015 የሚባል ጁክ ቦክስ ቆሟል፣ ያ ቀስት ቅርጽ ያለው፣ በመስታወት ቱቦው ውስጥ አረፋ የሚንተከተከው። በ1946 ወጥቶ ከ56,000 በላይ የተሸጠ ነው። የሚመጣው ሰው ሁሉ አጠገቡ ቆሞ ፎቶ ይነሳል አሉኝ። እሳቸው ግን አልፈውት ወደ እኔ ብርድ ልብስ መጡ። ያን ጊዜ ወደድኳቸው።

«ምን ተቀየረ?» አሉኝ። የጠጋኙን ደረሰኝ ሰጠኋቸው። አነበቡት።

«ማን አጠበው?»

ማንም አላጠበውም።

ራስ ነቀነቁና የእኔን ሆድ ዕቃ የእሳቸው ሳጥን ላይ ገጠሙት። እንዴት መፈተሽ እንዳለበት ያየሁት እዚህ ነው፣ ቀስ ብዬ ልንገራችሁ። በዚህ ሲበርግ ውስጥ ትዕዛዝህን የሚይዘው ቶርማት የሚባል ነገር ነው። ኩባንያው በ1955 ያወጣው። ለእያንዳንዱ ምርጫ ማግኔት መሆን ከሚችል፣ ፌራይት ከሚባል ነገር የተሠራች አንዲት ትንሽ ቀለበት አለች። ቁልፍ ስትጫን ቀለበቷ ማግኔት ትሆናለች፣ መብራት ቢጠፋ እንኳ አትረሳም። በዚያ ዘመን ኮምፒውተሮችም የሚያስታውሱት በእንዲህ ያለ ቀለበት ነበር። ጋሪው በፊቷ ሲያልፍ ትንሽ ምልክት ትሰጣለች። ምልክቷ 2050 የሚባል የመስታወት ቱቦ ታበራለች፣ ቱቦው ኮይሉን፣ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ብረት የሚስበውን የሽቦ ጥቅል፣ ያዝዘዋል፣ ኮይሉ ጋሪውን የምትይዘውን ማቆሚያ ይስባል፣ ጋሪው ይቆማል። ሰንሰለት ነው። ጥያቄው የቱ ጋ ተበጠሰ ነው።

ሽማግሌው ጋሪው እየሄደ ማቆሚያዋን በጣታቸው ገፋ አደረጓት። ሄደች፣ ግን እየተጎተተች። ጋሪው ቆመ፣ ሸክላውን አነሳ፣ አጫወተ። ቀጥሎ ጋራዡን አጨለሙና ቁልፍ ተጫን አሉኝ። ጋሪው የመረጥኩት ጋ ሲደርስ ቱቦው ውስጥ ሰማያዊ ብልጭታ አየሁ። በደንብ አየኋት።

«ይኸው» አሉኝ። «ቀለበቷ ነግራዋለች፣ ቱቦውም ሰምቷል። እጁ ነው የታሰረው።»

350 ዶላሬ የሄደው ሲሠራ በኖረው ክፍል ላይ ነው ማለት ነው። የታመመው አልተነካም።

ማቆሚያዋን ፈተው ሲሰጡኝ ገባኝ። የ60 ዓመት ግራሶ ነው። ተቃጥሎ ድስት ሥር የቀረ ስኳር ይመስላል፣ ቡናማ፣ ጠንካራ፣ በጥፍር የማይለቅ። ያ ግራሶ እንድትንሸራተት ነበር የተቀባላት፣ አሁን አጣብቆ ይዟታል። ኮይሉ ይስባል፣ እሷ ስትጎተት ጋሪው አልፎ ሄዷል። ሌላ ምንም ችግር የለም።

ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል እስከ ቀኑ 8 ሰዓት አጠብን። ሞላውን፣ ብሎኑን፣ ጥርሱን እንደ አፈታቱ ቅደም ተከተል በኬክ መጋገሪያ ትሪ ጉድጓዶች ውስጥ አስቀመጥን፣ በየደረጃው ፎቶ እያነሳን። የነሐስ ብሩሽ፣ ማጠቢያ ፈሳሽ፣ የጥርስ እንጨት። ጋሪው ላይ ኤሌክትሪኩን የሚያነቡ ቀጫጭን የብረት ጣቶች አሉ፣ ጠቁረው ነበር። እኔ የብርጭቆ ወረቀት ሳነሳ እጄን ያዙኝ። ላያቸው የተለበጠ ነው፣ አንዴ ከፋቅከው አለቀለት። ጠንከር ያለ ነጭ ካርቶን ቆርጠው በፈሳሹ አረጠቡና በጣቶቹ መሃል መዘዙት። ካርቶኑ ጥቁር መስመር ይዞ ወጣ። ሌላ ቆረጡ። አሁንም ጥቁር። አሥራ አንደኛው ነጭ ሆኖ ወጣ። ቶርማቱን ደግሞ በመልቲሜትር፣ በኤሌክትሪክ መለኪያው፣ እንዳትነካው፣ ታቃጥለዋለህ ብለው ሁለቴ አስጠነቀቁኝ። የሞተሩ ማቀፊያ ጎማዎች ድንጋይ ሆነው ነበር፣ ሙዚቃው ሥር የምሰማው ጉርምርምታ ከእነሱ ነው። ተቀየሩ። በመጨረሻ ዘይት፣ በመርፌ ጫፍ፣ ጠብታ ጠብታ።

ይህን መታገሥ ከየት እንደተማሩት ጠየቅኳቸው። በ1977 ጎርፍ ጊዜ ለቡና ቤቶች ጁክ ቦክስ የሚያከራይ ሰው ጋ ተቀጥረው ይሠሩ ነበር። ውሃው ሲወርድ ማሽኖቹ በጭቃ ተሞልተው ተገኙ። መለዋወጫ የለም፣ ገንዘብ የለም። ክረምቱን ሙሉ ጭቃ ሲያጥቡ ከረሙ። ከታጠቡት ብዙዎቹ ምንም ሳይቀየርላቸው ሠሩ። ከዚያ ወዲህ ሳያጥቡ ዕቃ ቀይረው አያውቁም።

ገጠምነው። ኤ እና 5 ተጫንኩ። ጋሪው ሄደ፣ ቀጥ አለ። ጠቅ። ክንዱ ሸክላውን ወሰደው። ጠቅ።

ከዚያ የአባቴን ሸክላ አወጣሁ። መሃል ላይ ያለው ወረቀት ተፋፍቆ ፊደሉ አይነበብም። ሽማግሌው አገላብጠው አዩትና ጁክ ቦክስ ውስጥ አይገባም አሉኝ። ቀዳዳው ትንሹ ነው። ጁክ ቦክሱ 38 ሚሊ ሜትር የሚሆን ሰፊ ቀዳዳ ይፈልጋል። መቁረጫ አላቸው፣ ከባድ ብረት፣ በእጅ የሚጠመዘዝ። ግን ከተቆረጠ ተቆረጠ ነው። ሌላ ቅጂ የለኝም።

ይህ ሸክላ ለእኔ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። በጃንሆይ ዘመን ሸክላ የማሳተም መብት ያለው የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ እሸቴ ያን ጥሶ የራሱን ማሳተም ጀመረ፣ የመጀመሪያዎቹንም ህንድ ልኮ ነው ያሳተመው። አባቴ እነዚያን ዓመታት ቡና ቤት ውስጥ ቆሞ ነው የኖራቸው። ደወልኩለት። ጆንስታውን 9 ሰዓት፣ ናዝሬት ከምሽቱ 4 ሰዓት። አልተኛም ነበር።

«አባዬ፣ ሸክላህ ካልተቆረጠ አይገባም እያሉኝ ነው።»

«ምኑ ነው የሚቆረጠው?»

«መሃሉ። ዘፈኑ አይነካም።»

ትንሽ ዝም አለ። «ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ሳጥን ውስጥ ሊቀበር ነው እንዴ የሰጠሁህ?»

ሽማግሌው ትንሹን ቀዳዳ የመቁረጫው እሾህ ላይ አስገቡ። መሃሉን ካልጠበቀ ድምፁ ይዋልላል፣ ለዚህ ሦስት ጊዜ አወጡና መለሱት። ከዚያ በቀስታ ጠመዘዙት። ቀጭን ጥቁር ቀለበት ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። ኪሴ ከተትኩት።

ስልኩን ማሽኑ አጠገብ አቆምኩት። ጋሪው ተነሳ። አባቴ ሙዚቃው ሳይጀምር ነው «ቆይ፣ ቆይ» ያለው። ሲያልቅ ደግሞ «በል ገልብጠው» አለኝ።

«አይገለበጥም አባዬ። ሸክላው እንደቆመ ነው የሚጫወተው፣ ሁለት መርፌ አለው፣ በዚህም በዚያም።»

«የኛውማ አጋድሞ ነበር የሚያጫውተው» አለ፣ በጣም ተገርሞ። ለካ የእነሱ ሌላ ዓይነት ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት አልጠየቅኩትም።

ሽማግሌው ለአምስት ሰዓት የጠየቁኝ 160 ዶላር ነው፣ ጎማዎቹ 18። ጨምሬ ስሰጥ እምቢ አሉ። በምትኩ የዘፈን ስም የሚጻፍበት ባዶ ወረቀት አመጡልኝና ስሙን ሙላ አሉኝ። አባቴ ገና ስልኩ ላይ ነበር። እሱ እየነገረኝ በአማርኛ ጻፍኩት፣ የዘፋኙንም የዘፈኑንም፣ ለሁለቱም ገጽ። ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው ፊደሉን አንድ በአንድ እያዩ ቆዩ። «በየት በኩል ነው የሚነበበው?» አሉኝ። በጣቴ አሳየኋቸው።