ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን፦ የቦስተን ማራቶን በዓባይ በረሃ

ከሸዋ ወደ ጎጃም የሚሻገር ሰው ጎሐ ጽዮን ሲደርስ ሜዳው ያልቅና የዓባይ በረሃ ይጀምራል። ከዚያ እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግማሹ ቁልቁለት፣ ግማሹ ዳገት። የቦስተን ማራቶን በ1897 ሲጀመር (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) 15 ሰዎች ከአሽላንድ ከተማ ተነስተው የሮጡት 39.4 ኪሎ ሜትር ነበር። የያኔው ውድድር ከሞላ ጎደል ይህን በረሃ ያህላል። 42.195 ኪሎ ሜትር በ1908 የለንደን ኦሎምፒክ ተሮጦ በ1921 የማራቶን ደንብ ሆነ፤ ቦስተንም በ1924 መነሻውን ወደ ኋላ ገፍቶ ሆፕኪንተን ላይ አደረገ። ልኩ ግን ከዚያም በኋላ አልጸናም። በ1950ዎቹ በመንገድ ሥራ ምክንያት መስመሩ ከ1,000 ሜትር በላይ አጥሮ ለዓመታት ተሮጦበታል። የእነዚያን ዓመታት ፈጣን ሰዓቶች እኔ ከቁጥር አላስገባቸውም።

ቁልቁለቱን የወረድነው ከጭነት መኪኖች ኋላ ነው። መንገዱ ከ2,500 ሜትር ግድም ተነስቶ ወንዙ ዘንድ ወደ 1,000 ሜትር ይጠጋል፤ በየኪሎ ሜትሩ 70 ሜትር ገደማ መውረድ ማለት ነው። አፈሩ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ በየቦታው ተጣጥፏል፣ ተሰንጥቋል። የተቃጠለ ፍሬን ሽታ ከመኪናው ውስጥ ሳይቀር ይሰማል። ሹፌራችን፣ «ፍሬን እየረገጠ የሚወርድ ወንዙ ሳይደርስ ፍሬኑ ያልቅበታል፤ በማርሽ ነው የሚወረደው» አለን።

የሯጭ ጭንም እንደዚሁ ነው። ቁልቁለት ላይ የፊት ጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ክብደት ይይዛል፣ ክሮቹም በጥቂት በጥቂቱ ይጎዳሉ። ቦስተን ከመነሻው እስከ መድረሻው የሚወርደው 140 ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ በኪሎ ሜትር 3.3 ሜትር። ከዓባይ በረሃ ጋር ሲተያይ ኢምንት ቢሆንም፣ ለክብረ ወሰን ከሚፈቀደው 1 ሜትር በኪሎ ሜትር በላይ ነው። በዚህ ላይ መነሻና መድረሻው ከሚፈቀደው በላይ ተራርቀዋል። ጄፍሪ ሙታይ በ2011 ነፋስ ከኋላው እየገፋው 2:03:02 ሲገባ ከዚያ በፊት ማንም ያን ያህል አልፈጠነም ነበር፤ የዓለም ክብረ ወሰን ሆኖ ግን አልተመዘገበም። ቁልቁለቱ በአብዛኛው መጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች ላይ ስለሆነ ሯጩ ሳይደክም ይፈጥናል፤ ዕዳው የሚጠየቀው ከ30 ኪሎ ሜትር በኋላ ነው።

በ1963 አበበ ቢቂላና ማሞ ወልዴ ቦስተን ላይ የገጠማቸው ይኸው ይመስለኛል። ከክብረ ወሰኑ በቀደመ ፍጥነት ሲመሩ ቆይተው ወደ መጨረሻው ያሉት የኒውተን ኮረብቶች ላይ ተዳከሙ፤ ብርዱና ነፋሱም ነበረበት። ቤልጂጋዊው ኦሬል ቫንደንድሪሽ 2:18:58 ገብቶ አሸነፈ፣ አበበ 5ኛ፣ ማሞ 12ኛ ሆኑ። ሮምን ያሸነፈ፣ በዓመቱ ቶኪዮን የሚያሸንፍ ሰው በአቅም ተሸነፈ ብዬ አላምንም።

ከህዳሴ ድልድይ ወዲያ ጎጃም ነው። ወንዙ ዘንድ ሙቀቱ ይጫናል፣ ወደ ደጀን ሲወጣ አየሩ ይቀዘቅዛል፣ ይሳሳልም። ቦስተን ላይ ስሙ የገነነው የመጨረሻው ኮረብታ 600 ሜትር ርዝመት፣ 27 ሜትር ከፍታ ብቻ ነው። ደጀንን በእግሩ ለወጣ ሰው ዳገት አይባልም። የሚከብደው 32 ኪሎ ሜትር ካለፈ በኋላ፣ ቀድሞ በተጎዳ ጭን ስለሚወጣ ነው። ከእሱ በኋላ ደግሞ እስከ መድረሻው እንደገና ቁልቁለት ነው፤ ብዙ ሰው የሚቆመው እዚያ ላይ ነው።

ስለዚህ ለቦስተን የሚዘጋጅ ሰው ዳገት ብቻ መልመዱ አይበቃውም። በረሃው ራሱ ለልምምድ አይሆንም፤ ቁልቁለቱ ከልክ ያለፈ ነው፣ መኪናውም አደጋ ነው። ከደጀን እስከ ደብረ ማርቆስ ያለው ወደ 70 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ አምባ ይሻላል። በኪሎ ሜትር ከ30 እስከ 40 ሜትር የሚወርድ የጠጠር መንገድ መርጦ፣ ከ6 እስከ 8 ኪሎ ሜትር በውድድር ፍጥነት፣ በ10 ወይም በ14 ቀን አንዴ መውረድ ነው። ጭኑ በማግስቱና በሁለተኛው ቀን ክፉኛ ያማል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሕመሙ ይቀንሳል፣ የሚፈለገውም ይኸው መልመድ ነው። የመጨረሻው ከውድድሩ ሦስት ሳምንት በፊት ይሁን። ማሳ ውስጥ መሮጥን አልመክርም፦ መረሬው ሲርስ ጫማ ላይ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቅና ቁርጭምጭሚት ይጠመዝዛል።

መስመሩን ያወቁበት አሸንፈውበታል። አበበ መኮንን በ1989 2:09:06 ገባ፤ ፋጡማ ሮባ ከ1997 እስከ 1999 ሦስት ጊዜ በተከታታይ አሸነፈች። በ2016 ለሚ ብርሃኑና አጸደ ባይሳ የወንዶቹንም የሴቶቹንም ድል ለኢትዮጵያ አደረጉት።

አንድ ነገር ግን ጎጃም ላይ መልመድ አይቻልም፦ የቦስተንን ዝናብና ነፋስ። ውድድሩ የሚካሄደው ሚያዝያ ላይ ስለሆነ ዝግጅቱ ከጥር እስከ መጋቢት ባለው በጋ ላይ ይወድቃል፤ ማርቆስ ላይ ያኔ ፀሐይና አቧራ ነው። ቦስተን ደግሞ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለሚሮጥ የባሕሩ ነፋስ ፊት ለፊት ሊመጣ ይችላል። በ2018 በዝናብና በነፋስ ያሸነፈው ጃፓናዊው ዩኪ ካዋውቺ የገባው በ2:15:58 ነው። የእጅ ጓንትና መነሻው ላይ አውልቀው የሚጥሉት የፕላስቲክ ዝናብ ልብስ ሻንጣ ውስጥ ይግባ።