ከታቦት በላይ

ጥቅምት 4፣ ጎንደር፣ ማታ

ዛሬ እማዬ ለመጀመሪያ ጊዜ አውሮፕላን ተሳፈረች። ለአክስቴ ተዝካር ነው የመጣነው። ከአዲስ አበባ ጎንደር ስትመላለስ የኖረችው በአውቶቡስ ነው። 700 ኪሎ ሜትር አልፎ ተርፎ፣ ያውም በዚያ ዘመን ደብረ ማርቆስ ታድሮ፣ በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ። "ኪሎ ሜትር አትንገረኝ፤ እኔ መንገዱን የማውቀው በወገቤ ነው" ትላለች። ዘንድሮ ወገቧ እንቢ አለ።

በግራ በኩል መስኮቱን ለሷ ለቀቅኩላት። እውነቱን ለመናገር ብዙ የሚያስመሰግነኝ ነገር የለም። ይህን መስመር ደጋግሜ በርሬዋለሁ፤ ሁሌም ወይ ስልኬ ላይ አቀርቅሬ ወይ አፌን ከፍቼ ተኝቼ ነው የምደርሰው። አውሮፕላኑ ትንሹ፣ ባለ ፕሮፔለሩ ነው። ክንፉ ከመስኮቶቹ በላይ ስለሆነ የትም ብትቀመጥ ታች ይታይሃል።

ገና ከመነሳታችን የመስኮቱ ታችኛው ጠርዝ ላይ ጣቷን አሳረፈች። "ይሄ ቀዳዳ ምንድን ነው?"

የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ነገር አለች እዚያ ጋ። መስታወቱ ድርብርብ መሆኑን፣ ቀዳዳዋ የአየሩን ግፊት እንደምታመጣጥንና መስታወቱን ጉም እንዳይዘው እንደምትከላከል አስረዳኋት። በትዕግስት ሰማችኝ። ከዚያ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ሳበች። ነፋስ እንዳይመታት! አውቶቡስ ውስጥ መስኮት የከፈተ ሰው ላይ የምትጮኸው ሴትዮ ሰማይ ላይም ያው ናት።

አባይ በረሃ ላይ ስንደርስ ደጋው እንደተቆረሰ ድፎ ዳቦ ድንገት አለቀ። ገደሉ በድርብርብ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከሥሩ ቡናማ ክር የመሰለ ነገር ይጠማዘዛል። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን በመኪና 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጆሮ እየተደፈነ፣ ፍሬን እየሸተተ፣ አንዱ ፌስታል ውስጥ እያስመለሰ። አሁን ሁለት ሦስት ደቂቃ ብትሆን ነው።

"አለቀ?" አለች።

"አለቀ።"

"ይሄን ነው እንዴ ስንወርድ ስንወጣ የኖርነው?" እንደ መናደድ አደረጋት።

እኔ ደግሞ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። አንድ ጊዜ ሌሊት ወደ አውሮፓ ስበር፣ ከረጅም ጨለማ በኋላ ግብፅ ላይ ያንኑ ወንዝ አይቼዋለሁ። ግራና ቀኙ በረሃ፣ ድቅድቅ ጨለማ፤ መሃሉ ላይ ግን የመብራት ሐረግ። ካይሮን አልፎ እንደ ማራገቢያ ይዘረጋል። ቅናት ቢጤ ተሰምቶኝ ነበር። እዚህ ከሥራችን ያለው አባይ በመስከረምና በጥቅምት የጎጃምን አፈር ተሸክሞ ዝም ብሎ ይሄዳል፤ ሲመሽ ዳሩ ላይ አንድ አምፖል ማግኘት ጭንቅ ነው።

ከዚያ ደመና ውስጥ ገባን፤ ወጣንም። ጠዋት ስለነበር ፀሐይዋ በቀኝ፣ እኛ በግራ። የአውሮፕላናችን ጥላ ደመናው ላይ ይሮጣል፤ ዙሪያውን ባለቀለም ክብ ከቦታል።

"የማርያም መቀነት!" ክንዴን ያዘችኝ። "ሙሉውን! እኛ ለካ ስናይ የኖርነው ግማሹን ነው።"

ዝናብ ሲዘንብ ከምናየው ጋር አንድ አይደለም። የደመናው ጠብታዎች ብርሃኑን ወደመጣበት ሲመልሱት የሚፈጠር ነው። ልነግራት አፌን ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁት።

ደመናው ሲገፈፍ ጎጃም ተዘረጋ። የኑጉ ቢጫ፣ የጤፉ አረንጓዴ፣ በመሃሉ የሚያብለጨልጭ ቆርቆሮ። እዚህም እዚያም ጥቁር አረንጓዴ ክቦች አሉ፤ አንድ ሰው እርሻው ላይ ሳንቲም የበተነ ይመስላል። ስንት ጊዜ ተኝቼ አልፌያቸዋለሁ! የቤተ ክርስቲያን ደኖች ናቸው። ጽዱ፣ ወይራው፣ ዝግባው ሌላው ቦታ ተመንጥሮ ሲያልቅ እዚያ ቅጥር ውስጥ ቀርቷል። ሞፈር እስከ ቅጥሩ ድረስ ይመጣና ይቆማል። እማዬ ሳልነግራት ነው ያወቀቻቸው። አንዱን ተሳለመች። ቀጥሎ ያለውንም። ሦስተኛው ላይ እጇ አየር ላይ ቀረ።

"ልጄ፣ ከታቦት በላይ ሆነን'ኮ ነው የምናልፈው።"

ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። ጎንበስ ብላ ጫማዋን አወለቀችና ጎን ለጎን አድርጋ ከወንበሩ ሥር አስቀመጠች።

ሞጣን አለፍ ስንል አባይ እንደገና መጣ። "ተሻግረነው አልነበር?" ጎጃምን ዞሮ እንደሚሄድ ታውቃለች፤ ከላይ ስታየው ግን ገረማት። ከዚያ ጣና። ጉማራና ርብ የሚገቡበት በኩል ውሃው ሻይ በወተት መስሏል። እዚያ ላይ ብዙም አልቆየችም፤ አንገቷ ወደ ቀኝ ዞሯል። ተወልዳ ያደገችው ደብረ ታቦር አካባቢ ነው። ያ ደግሞ በወዲያኛው መስኮት ነው።

እዚያ የተቀመጠው ልጅ ፀሐይዋን ሸሽቶ መስኮቱን ሸፍኖ ተኝቷል። እኔ ተውኩት፤ እሷ አልተወችውም። ባዶ እግሯን መተላለፊያው ላይ ቆማ ትከሻውን ነካ አደረገችው።

"የኔ ልጅ፣ አገሬን ከልለህብኝ ነው።"

ልጁ ብድግ አለ። "ይቅርታ እማማ፣ ይግቡ፣ ይቀመጡ።" ተቀመጠች። ጉና ከሩቅ ጉብ ብሎ ይታያል፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፣ አናቱን ደመና ይዞታል። ከዚያ ወዲህ ባለው አገር እንደገና ክቦቹ፣ ብዙ ክቦች። ክርስትና የተነሳችበትን ጊዮርጊስ ፈለገች። ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደግፋ ፈለገች። የትኛው እንደሆነ ልትለየው አልቻለችም፤ ስለዚህ ሁሉንም ተሳለመች። ልጁ ቆሞ እያያት ነበር፤ አስተናጋጇ መጥታ ቦታችሁን ያዙ እስክትል።

ጫማዋን ያደረገችው አዘዞ ጎማው መሬት ከነካ በኋላ ነው።

እኔ ያነሳኋቸውን ፎቶዎች አሁን አየኋቸው። አሥራ አንድ ፎቶ፤ ዘጠኙ ላይ የሚታየው የነጠላዋ ጥለት ነው።

እራት ላይ ደግሞ ጉርሻዋን አቁማ እጇን እንደ አውሮፕላን ዘረጋችና ሞሰቡ ላይ ቀስ ብላ አዞረችው። "ስንመለስም በግራ አስይዝልኝ" አለችኝ። "ፊታችን ሲዞር ጉና በኛ በኩል ይመጣል።"