ኦርዌል ምን አጠፋ?

አሁን አሁን ፖለቲካ የሚያወራ ሰው ሁሉ "ኦርዌላዊ" ማለት አብዝቷል። ካሜራ ሲሰቀል ኦርዌላዊ፣ መንግስት ያልሆነውን ሆነ ሲል ኦርዌላዊ፣ ኮመንቱ የጠፋበትም ሳይቀር ኦርዌላዊ ነው የሚለው። እኔ ግን የሚያሳዝነኝ ሰውየው ነው፣ እንግሊዛዊው ደራሲ ጆርጅ ኦርዌል። ስለላንና ውሸትን ሲታገል ኖሮ በፈረንጆቹ 1949 "1984" የሚለውን ልቦለድ አሳትሞ ዓመት ሳይሞላው በሳንባ ነቀርሳ ሞተ፣ ስሙ ግን ለዛው ለሚጠላው ነገር መጠሪያ ሆኖ ቀረ። ጭራሽ ስሙም የራሱ አይደለም እኮ! ሰውየው ኤሪክ ብሌር ነው፣ ኦርዌል ደግሞ ምስራቅ እንግሊዝ ያለ ወንዝ ነው፣ በ1933 የመጀመሪያ መጽሐፉ ሲወጣ ነው ለብዕር ስም የወሰደው። ስለዚህ አምባገነኖቹን በወንዝ ስም ነው የምንሰድባቸው ማለት ነው 😀

የጣሊያኗ ከተማ የፍሎረንስ ሹምና ጸሐፊ የነበረው ማኪያቬሊማ ባሰበት። ሜዲቺ የሚባሉት ገዢ ቤተሰቦች በ1512 ፍሎረንስን መልሰው ሲይዙ ከስራው አባረሩት፣ በዓመቱ ደግሞ አሲረሃል ብለው አሰሩትና እጁን የፊጥኝ አስረው በገመድ ወደላይ እየጎተቱ ይለቁት ነበር፣ ትከሻን ከቦታው የሚያወጣ ቅጣት ነው፣ ምንም ሳያምን ተፈታ። ስልጣን ስለመያዝና ስለማቆየት የሚያወራውን "ልዑሉ"ን የጻፈው ከዛ በኋላ ነው። ስለ ሪፐብሊክ ጥቅም የጻፈውን ወፍራሙን መጽሐፍ ማንም አያነሳለትም፣ ይኸው 500 ዓመት ሙሉ ተንኮለኛ ሁሉ "ማኪያቬላዊ" ይባላል።

ደራሲው ካፍካ ላይ ብዙ አልከራከርም፣ ፕራግ ውስጥ የሰራተኞች አደጋ ኢንሹራንስ መስሪያ ቤት ተቀጥሮ ቢሮክራሲን ከውስጥ ያየ ሰው ነው፣ ስሙ ይገባዋል። ግን ሰልፍ ረዘመ ተብሎ ካፍካዊ አይባልም በናታችሁ! ካፍካዊ የሚባለው ተከሰሃል ተብለህ በምን እንደሆነ የሚነግርህ ሰው ሳታገኝ ስትቀር ነው።

የታደሉት የሂሳብ ሰዎች ናቸው። ዴካርት በላቲን ስሙ በካርቴሲየስ በኩል "ካርቴሲያን" ተብሎ የግራፍ ኤክስና ዋይ መስመሮች ላይ በሰላም ተቀምጧል። ኖርዌጂያዊው አቤል በ1829 በ26 ዓመቱ ሞተ፣ ዛሬ ቅደም ተከተል ሲቀያየር ውጤቱ የማይለወጥ ግሩፕ (የራሱ ስሌት ያለው የሂሳብ ስብስብ) ሁሉ አቤላዊ ይባላል፣ እንግሊዝኛው ላይማ ቃሉ ከመለመዱ የተነሳ ብዙዎቹ በትንሿ ፊደል ነው የሚጽፉት። ደሞ ማንም ፖለቲከኛ ተነስቶ ተቀናቃኙን "አንተ አቤላዊ!" አይለውም።