ነጭ ሆኖ ያገኘሁት ስፖንጅ

ሥራዬ ለመሥሪያ ቤቶችና ለክሊኒኮች አኳሪየም መትከልና መንከባከብ ነው፣ ሰው ዓሣ መግዛትና ውሃ መሙላት ይመስለዋል እንጂ ግማሹ ሥራ ያለው ዓሣው ከመግባቱ በፊት ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ሪሴፕሽኑ ላይ 200 ሊትር የሚይዝ፣ ተክል የሞላበት ገንዳ አስተከለኝ። ውሃው ከገባ ጀምሮ ማናጀሩ ባየኝ ቁጥር "ውሃው አለ፣ ተክሉ አለ፣ ዓሣው የታለ?" ይለኛል።

እኔም ቁጭ ብዬ አስረዳሁት። ዓሣ በስንጥቡም በኩሱም አሞኒያ ያወጣል፣ የተረፈ ምግብና የበሰበሰ ቅጠልም እንደዛው፣ አሞኒያ ደሞ ስንጥቡን ያቃጥለዋል። ይሄን አሞኒያ አንዱ ዓይነት ባክቴሪያ ወደ ናይትራይት ይቀይረዋል፣ ናይትራይትም መርዝ ነው፣ ደም ውስጥ ገብቶ ኦክስጅን እንዳይሸከም ያረገዋል፣ ከዛ ሌላው ዓይነት ተቀብሎ ናይትሬት ያረገዋል፣ እሱን ዓሣው በመጠኑ ይችለዋል፣ ተክሉ ይበላዋል፣ የቀረው ውሃ ሲቀየር ይወጣል። ችግሩ እነዚህ ባክቴሪያዎች ቶሎ አይባዙም። ምግብ የሚያበላሸው ባክቴሪያ በደቂቃዎች እጥፍ ሲሆን እነሱ አንዴ እጥፍ ለመሆን ቀኑን ሙሉ ወይ ከዛ በላይ ይፈጅባቸዋል፣ ስለዚ ከ4 እስከ 6 ሳምንት መጠበቅ የተለመደ ነው። ማናጀሩ ደስ ባይለውም ተቀበለኝ፣ ለዚህ አከብረዋለሁ።

ዓሣ ሳይኖር ባክቴሪያው የሚበላው ስለሌለው አሞኒያ በጠብታ እየጨመርኩ በሊትር 2 ሚሊግራም አካባቢ አረግኩት፣ ሙቀቱን 27 ዲግሪ ላይ አቆምኩት። መጀመሪያ አካባቢ ውሃውን በምለካበት ቴስት ኪት ላይ የአሞኒያው ብልቃጥ አረንጓዴ እንደሆነ ይቀራል፣ አሞኒያው አለ ማለት ነው፣ ምንም የሚንቀሳቀስ ነገር የለም፣ ቆይቶ አረንጓዴው ወደ ቢጫ መሳሳት ሲጀምር የናይትራይቱ ብልቃጥ ሐምራዊ ሆነ፣ እሱ ነው እንግዲህ ረጅሙ ጥበቃ። በዚህ መሀል ክሪፕቶኮሪን የሚባለው ተክል ቅጠሉ ቀልጦ ረገፈ፣ ሰዎቹ ሞተ ብለው ደነገጡ፣ አዲስ ውሃ ሲገባ እንደዛ ያረጋል፣ ሥሩ ደህና ከሆነ እንደገና ያወጣል። የረገፈውን ግን ለቅሜ አወጣሁት ምክንያቱም እሱም በስብሶ አሞኒያ ነው የሚሆነው። በኋላ ያስገባሁት 2 ሚሊግራም በ24 ሰዓት ውስጥ አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ ሲሆን፣ አብዛኛውን ውሃ ቀይሬ ዜብራ ዳኒዮ የሚባሉ ጥቂት ዓሣዎች አስገባሁ፣ እነሱ ጠንካሮች ናቸው። ቆይቼ ኒዮን ቴትራና ኮሪዶራስ የሚባሉ ዓሣዎች ጨመርኩ። ገንዳው አማረ፣ ሰው ወንበር እያዞረ ማየት ጀመረ።

ከዛ አንድ ሰኞ ጠዋት ስልክ ተደወለልኝ፣ "ዓሣዎቹ ሁሉም ላይ ወጥተዋል፣ አፋቸውን ከፍተው አየር ይጎትታሉ" አሉኝ። ስደርስ ውሃውን ከሚያጣራው ፊልተር ውሃ የሚወርድበት ጋ ተሰብስበው ስንጥባቸው ቶሎ ቶሎ ይከፈታል ይዘጋል፣ ሁለት ኒዮን ሞተዋል። ማናጀሩ "ውሃው እኮ እንደ መስተዋት ነው" አለኝ፣ እውነቱን ነው፣ ግን አሞኒያም ናይትራይትም ቀለም የላቸውም፣ የጠራ ውሃ ጤነኛ ነው ማለት አደለም። ስለካው አሞኒያው በሊትር 1 ሚሊግራም ደርሷል፣ ናይትራይትም አለ። ዜሮ የነበረ ገንዳ ዝም ብሎ እዚህ አይደርስም፣ የሆነ ነገር ተነክቷል ብዬ ፊልተሩን ከፈትኩት።

ውስጡ ያለው ማጣሪያ ስፖንጅ ነጭ ነው። ቡናማ፣ ዝልግልግ ያለ፣ ሲነኩት ጭቃ የሚተው መሆን ነበረበት፣ ገና ከላስቲኩ የወጣ ይመስላል። ከሥሩ ያለው ሴራሚክ ሪንግም፣ የሸክላ ቀለበቱ ማለት ነው፣ እንደዛው ጥርት ብሏል። የጽዳት ሠራተኛዋ ትልቅ እናት ናቸው፣ እኔ ሳልጠይቃቸው ራሳቸው መጥተው "ልጄ፣ በጣም ቆሽሾ አየሁትና ዓርብ ከሥራ ስወጣ አውጥቼ በቧንቧ አጠብኩት፣ መስኮቱ ጋ አድርቄ ቅዳሜ መለስኩት፣ ሞተሩን እንዳያፍነው ብዬ" አሉኝ። ባክቴሪያው ውሃው ውስጥ አይዋኝም፣ ስፖንጁና ሪንጉ ላይ ተጣብቆ ነው የሚኖረው፣ የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ብቻውን ቢሆን ምናልባት የተወሰነው ይተርፍ ነበር፣ መስኮት ጋ አድሮ ሲደርቅ ግን ያ ሁሉ ሳምንት የተጠበቀው ነገር አለቀ።

ማናጀሩ ተናዶ ከደመወዛቸው ይቆረጣል ሲል በጣም ከፋኝ። "ጥፋት የለባቸውም፣ የቆሸሸ አይተው አጠቡ፣ ሥራቸው እሱ ነው፣ ይሄ ቆሻሻ መታጠብ የለበትም ያላቸው ሰው አልነበረም" አልኩት፣ እሱም ትንሽ ቆይቶ ተወው።

ከዛ ወደ ሥራ። ግማሹን ውሃ፣ ክሎሪን ማጥፊያ ጨምሬ ሙቀቱን አመሳስዬ ቀየርኩ፣ የአየር ፓምፕ አስገባሁ፣ ምግብ ለሁለት ቀን እንዲቆም አደረግኩ። ለናይትራይቱ ትንሽ ጨው በመጠኑ፣ ምክንያቱም ጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ናይትራይት በስንጥብ እንዳይገባ ይሻማዋል። ዋናው መድኃኒት ግን ከሌላ ከቆየ ገንዳ ያመጣሁት ቆሻሻ ስፖንጅ ነው፣ እንዳይደርቅ በራሱ ውሃ ላስቲክ ውስጥ አርጌ አመጣሁት፣ ግማሹን ፊልተሩ ውስጥ ጨመቅኩት፣ የቀረውን እንዳለ ከተትኩት። ተክሉም አግዞናል፣ በተለይ ሆርንዎርት ቶሎ ስለሚያድግ አሞኒያውን ራሱ ይወስዳል። ሌላው ያተረፈን ደሞ ፒኤቹ፣ የውሃው አሲድነት መለኪያ፣ ነው፣ 7 አካባቢ ስለነበር ከአሞኒያው በጣም መርዛማው ክፍል 1 በመቶ እንኳን አይሞላም፣ በዛው ሙቀት ፒኤቹ 8 ቢሆን ኖሮ 6 በመቶ ገደማ ይሆንና ከዳኒዮዎቹም የሚተርፍ መኖሩን እጠራጠራለሁ። በየቀኑ እየለካን፣ ከፍ ሲል ውሃ እየቀየርን፣ ሌላ ዓሣ ሳይሞት ቁጥሩ ወደ ዜሮ ተመለሰ።

እናትየዋን ባልዲ ይዘው እንዲመጡ ጠየቅኳቸው፣ ከራሱ ከገንዳው ውሃ ቀድተን ስፖንጁን ሁለቴ ሦስቴ ነከር አርገን ጨምቀን መለስነው። "በቃ ይሄ ነው፣ ፍሰቱ ሲቀንስ ብቻ፣ ሪንጉን ደሞ አይንኩት" አልኳቸው። "እና ቡናማነቱ ነው ንጽሕናው?" አሉኝ፣ አዎ አልኳቸው። ከዛ ወዲህ ፍሰቱ ሲቀንስ ቀድመው የሚደውሉልኝ እሳቸው ናቸው። እኔም አሁን ገንዳ ስተክል ከኃላፊው እኩል ክፍሉን የሚያጸዳውን ሰው አስቀምጬ ነው የማሳየው፣ ፊልተሩም ላይ "በቧንቧ ውሃ አይታጠብም፣ አይደርቅም" የሚል ወረቀት እለጥፋለሁ።

ኒዮን ለመጨመር ሲጠይቁኝ ለሳምንታት አቆየኋቸው፣ ሲጨመርም በአንዴ አደለም። ባክቴሪያው የሚበዛው በሚያገኘው ምግብ ልክ ነው፣ ለ10 ዓሣ የበቃ ፊልተር በአንድ ቀን 30 ቢገባበት እንደገና አሞኒያ ይወጣል። ስለዚህ ስድስት ኒዮን አስገባን፣ ለካን፣ ዜሮ ሆኖ ሲቆይ የቀሩትን አስከተልን።