ኪሎው አለ፤ ባለቤቱ የለም

ቢቸና አካባቢ ለሚገኝ አንድ የገበሬዎች ማኅበር የጤፍ መረከቢያ ፕሮግራም ሠርቼ፣ አስረክቤ፣ ደብረ ማርቆስ ከተመለስኩ ሳምንት አልሞላኝም ነበር። የመጋዘኑ ኃላፊ ደወሉልኝ፦ «ልጄ፣ ኪሎው አለ፤ ባለቤቱ የለም።»

የታተመውን ዝርዝር በስልካቸው ፎቶ አንስተው ላኩልኝ። ክብደቱ በቦታው ነው። የገበሬዎቹ ስም ግን ፊደል ፊደሉ ተለቃቅሞ ጠፍቷል፤ ከአንዳንዱ የተረፈው የጥያቄ ምልክት ብቻ ነው። የዓመት ልፋቱን ያስረከበ ሰው ስሙን ከመዝገብ ሲያጣው እያሰብኩ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሚዛኑ አጠገብ ባለችው ራስበሪ ፓይ በምትባል ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ያው ፕሮግራም ስሙን አሳምሮ ያነባል። የሚያበላሸው የቢሮው ኮምፒውተር ነው፤ ዊንዶውስ፣ ኢንቴል ፕሮሰሰር።

ፋይሉን የሚያነብልኝ ሌላ ሰው በሲ የፕሮግራም ቋንቋ የጻፈው ትንሽ ላይብረሪ (ተውሰን የምንጠቀምበት ኮድ) ነው። መጀመሪያ ኮምፓይል ሳደርገው፣ ማለትም ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ ስለውጠው፣ ለዋጩ ፕሮግራም (ኮምፓይለሩ) ጂሲሲ ከሁለት መቶ በላይ ማስጠንቀቂያ ደረደረብኝ። «የእኔ ኮድ አይደለም፤ ባለቤቱ ያውቃል» ብዬ ለዚያ ፎልደር ጂሲሲን ዝም አሰኘሁት። ለዚህ በትእዛዙ ላይ የምትጨመር አንዲት ንዑስ ደብሊው (-w) ትበቃለች። ያን ሌሊት አነሳኋትና ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩ። አብዛኛው ሥራ ላይ ያልዋለ ተለዋዋጭ ነው፣ ጉዳት የለውም። በመካከሉ ግን «የሠንጠረዡ ተራ ቁጥር ዓይነቱ ካር ነው» የሚል መስመር ነበር። ለሁለቱም ኮምፒውተሮች ስሠራ ወጥቷል፤ ሁለቴ አፍኜዋለሁ።

«ካር» አንድ ባይት የሚይዝ የቁጥር ዓይነት ነው፤ ላይብረሪው በዚያ ቁጥር እየተመራ ፊደሉን ማሳለፍ አለማሳለፉን ከሠንጠረዥ ያያል። የሲ ደንብ ግን «ካር» አሉታዊ ቁጥር ይያዝ አይያዝ አልወሰነም። ኢንቴል ላይ ይይዛል፤ ሊኑክስ በሚሠራባት በራስበሪ ፓይ አርም ፕሮሰሰር ላይ አይይዝም። «ጤ» ፊደልን በቁጥር በሚያስቀምጠው በዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ ሦስት ባይት ናት፦ 225፣ 140፣ 164። ራስበሪ ፓይ ላይ እንዳሉ ይነበባሉ። ኢንቴል ላይ 225 አሉታዊ 31 ይሆናል፤ ላይብረሪውም ሠንጠረዡን ትቶ ከሠንጠረዡ በፊት ያለውን ማኅደረ ትውስታ ያነባል። እዚያ ባገኘው እየተመራ አንዱን ፊደል ያሳልፋል፣ ሌላውን ይጥላል። የእንግሊዝኛ ፊደላት ሁሉም ከ128 በታች ስለሆኑ ጸሐፊው ይህን በራሱ ፋይሎች ሊያየው አይችልም ነበር። በግዕዝ ፊደል የምንጽፍ ሰዎች ይህችን ማስጠንቀቂያ ከሌሎቹ ሁሉ አስቀድመን ልንፈልጋት ይገባል።

አሁን «ማስጠንቀቂያን እንደ ስህተት ቁጠር» የሚለውን ትእዛዝ ለራሴ ኮድ ብቻ እሰጣለሁ። የተዋስኩት ኮድ ላይ አልጭነውም፤ አዲስ የኮምፓይለር እትም አዲስ ማስጠንቀቂያ ይዞ ስለሚመጣ ትናንት የሠራው ዛሬ እምቢ ይላል። ድምፁን ግን አልዘጋም። የሊኑክሱንና የዊንዶውሱን የማስጠንቀቂያ ዝርዝር በየፋይሉ አስቀምጣለሁ፤ ላይብረሪው ሲታደስ አዲስ የተጨመረውን አነባለሁ። አንዱን ዓይነት ዝም ካሰኘሁ ምክንያቱን ከጎኑ እጽፋለሁ። «ሎንግ» የሚባለው የቁጥር ዓይነት 64 ቢት ሊኑክስ ላይ 8 ባይት፣ ዊንዶውስ ላይ 4 መሆኑ ያመጣውን ሌላ ስህተትም ያገኘሁት ሁለቱን ዝርዝር ጎን ለጎን ሳስተያይ ነው።

ጥገናው ተራ ቁጥሩን ምልክት አልባ (አሉታዊ የማይሆን) ማድረግ ብቻ ነበር። ማረሚያውን ለላይብረሪው ባለቤት ስልክለት «ጤፍ» የሚለውን ቃል መሞከሪያ አድርጌ ጨመርኩበት። አዲሱን ዝርዝር ይዤ ቢቸና ስሄድ ኃላፊው መነጽራቸውን አጠለቁና በጣታቸው እየተከተሉ፣ ስም በስም፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡት።