ሕመሙ የተመለሰው በውሃው በኩል ነበር

በድሬዳዋ፣ ሳቢያን አካባቢ በሚገኘው ጓሮዬ ሳሶ የተባለውን ዝርያ 60 ጫጩቶች ማሳደግ ከጀመርኩ ሦስተኛ ወር ይዣለሁ። ዛሬ የማካፍላችሁ ሁለት ጊዜ ስለተመላለሰብኝ፣ ኢ ኮላይ የተባለ ባክቴሪያ ስለሚያመጣው በሽታ ነው።

በአራተኛው ሳምንት ጫጩቶቹ ክንፋቸውን ጥለው፣ ላባቸውን ነፍተው ጥግ ይዘው ይቆሙ ጀመር፤ ኩሳቸውም ቀጠነ፤ ሰባቱ ሞቱብኝ። የእንስሳት ሐኪሙ ከሞቱት አንዷን ከፍቶ ልቧና ጉበቷ ወደ ቢጫ በሚያደላ ስስ ሽፋን መለበጣቸውን አሳየኝ፤ ይህም ኢ ኮላይ ወደ ደም ሲገባ በብዛት የሚታይ ምልክት መሆኑን አስረዳኝ። የቀሩት በታዘዘው መድኃኒት ቢያገግሙም ከሦስት ሳምንት በኋላ ያው ሕመም ተመለሰ።

ውሃውን መጠርጠር የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው። ቧንቧ የሚመጣው በፈረቃ በመሆኑ ውሃ የማጠራቅመው በበርሜል ሲሆን፣ በርሜሉም ክዳኑ ገርበብ ብሎ ፀሐይ ላይ ይውላል። የውስጥ ግድግዳውን በጣቴ ስጠርገው እንደ ተነከረ ተልባ የሚያዳልጥ ልጋግ ይዞ ወጣ። ባክቴሪያ እንዲህ ባለው ልጋግ ውስጥ ተከልሎ ይራባል፤ ክሎሪን ቢጨመርም ቆሻሻው ኃይሉን ስለሚጨርሰው ውስጥ ያለው ይተርፋል። በረኪና ጠብ እያደረግሁ «ታክሟል» ያልኩት ውሃ ያልጠቀመኝ ለዚህ ነበር። ዶሮ በደህናው አየር እንኳ ከሚበላው መኖ በክብደት ሁለት እጥፍ ያህል ውሃ ይጠጣል፤ በእኛ ሙቀት ደግሞ ከዚያም ይበልጣል፤ ስለዚህ ከውሃው ጋር የሚገባው ተሕዋስም የዚያኑ ያህል ይበዛል።

አሁን በርሜሉን ባዶ አድርጌ በብሩሽ ፈትጌ ሳላጥብ ውሃ አልሞላም። ከዚያም 5 በመቶ ክሎሪን ካለው በረኪና ለ10 ሊትር ውሃ 1 ሚሊ ሊትር በሲሪንጅ ለክቼ እጨምራለሁ፤ ይህ በሊትር 5 ሚሊ ግራም ያህል ይሆናል። ማጠጫዎቹን በየጠዋቱ አጥባለሁ፤ ኩስና ጉዝጓዝ እንዳይገባባቸውም በዶሮዎቹ ጀርባ ቁመት ልክ አንጠልጥያቸዋለሁ። የፈንግል ክትባት በውሃ ስሰጥ ግን፣ ክሎሪን ሕያው ክትባቱን ስለሚገድለው፣ በረኪና መጨመሩን ከሁለት ቀን በፊት ጀምሬ አቋርጣለሁ፤ ይህን እባካችሁ አትርሱ።

ኢ ኮላይ በውሃ ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ በታፈነ ቤት የሚጠራቀም አሞኒያ የመተንፈሻ አካላቸውን ሲጎዳም መግቢያ ያገኛል፤ ስለዚህ ለቤቱ ሌላ መስኮት ከፍቼለታለሁ። ላለፉት አምስት ሳምንታት የሞተብኝ የለም። የሚቀረኝ በርሜሉን ወደ ጥላ ማዛወርና ውሃውን በላቦራቶሪ ማስመርመር ነው።