ኮርኒሳችን ውስጥ የሰፈረው የንብ መንጋ

ባሕር ዳር ዝናቡ ካባራና አደይ አበባ ከፈነዳ በኋላ የንብ መንጋ ቤት ፍለጋ ይወጣል። ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ካያችሁት አትነካኩት። የሚጠብቀው እጭም ማርም ስለሌለው ቁጣው ትንሽ ነው። ብዙ ጊዜ በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ራሱ ተነስቶ ይሄዳል። የኛ ግን ወደ ቤታችን መጣ። ቆርቆሮው ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ክፍተት አገኘና ኮርኒስ ውስጥ ገባ።

እናቴ ደስ አላት። ንብ የገባበት ቤት በረከት አለው ባይ ናት። ጎረቤቶች ሁለት ምክር ሰጡን፤ ወይ ፍሊት ንፉበት፣ ወይ ጨርቅ ጋዝ ነክራችሁ አቃጥሉት። የባሕር ዛፍ ማገር ሥር እሳት መለኮስ እብደት ነው። መርዙም ቢሆን ንቡን እንጂ ማሩን አያነሳም። ጠባቂ ያጣ ማር በቆርቆሮው ሙቀት ይፈስሳል፣ ኮርኒሱን ያበሰብሳል፣ ጉንዳን ይጠራል። ሲብስ ደግሞ የሌላ ሰው ንብ መጥቶ የተመረዘውን ማር ወደ ቀፎው ይወስዳል።

ስለዚህ ከከተማ ወጣ ብለው የሚኖሩ ንብ አናቢ አፈላልጌ አመጣሁ። «ጋሼ፣ ስንት ልክፈል?» አልኳቸው። «ምን ክፍያ አለው ልጄ፣ ንቡን ስጪኝ እንጂ» አሉኝ። መንጋው ለሳቸው፣ ማሩ እኩል ተባባልን።

ቀን ላይ ለጎረቤት ነገርን። የጎረቤትን በግ ከአጥር ሥር አስፈታን፣ ዶሮዎቹን አስገባን። ንብ ሲቆጣ ክፉኛ የሚጎዳው ታስሮ መሸሽ ያቃተው እንስሳ ነው። ጥቁር ልብስና ሽቶ ተከለከልኩ። ሙዝ የተውኩት ግን በራሴ ነው። ንብ ስትናደፍ ሌሎቹን የምትጠራበት ሽታ ውስጥ የሙዝን ሽታ የሚሰጠው ንጥረ ነገር አለ።

ሥራው የተጀመረው ቀሳሚዎቹ ሁሉ ከገቡ በኋላ፣ ሲመሽ ነው። ጋሼ የባትሪውን አፍ በቀይ ፌስታል ሸፈኑት። ንብ ቀይ ብርሃን ስለማታይ ወደ ባትሪው አትመጣም። ኩበት አጭሰው ኮርኒሱን ከውስጥ በኩል ከፈቱ። መቸኮል የለም። እጭ ያለበትን እንጀራ በጥንቃቄ ቆርጠው ቀፎ ውስጥ አደረጉ፤ ማር ያለበትን ለብቻ በባልዲ። ንቦቹን በቅል እየዛቁ አስገቡ። ትልቁ ጉዳይ አውራዋ ናት። እሷ ቀፎ ውስጥ ከገባች ሌላው ይከተላታል፤ ከቀረች ግን የተዛቀው ሁሉ ይመለሳል። ቀፎውን እዚያው አቅራቢያ አሳደሩት። የቀሩት በማግስቱ ገብተው ሲያልቁ፣ ማታ ተሸክመው ሄዱ።

ሰው ሁሉ ነገሩ እዚህ ላይ ያለቀ ይመስለዋል። ለኔ ግን ዋናው ሥራ ከዚህ በኋላ የመጣው ነው። የሰም ሽታ ዓመታት ይቆያል፤ ያንን ሽታ ይዞ ሌላ መንጋ ይመጣል። ማገሩ ላይ የቀረውን ሰም በቢላ ፋቅኩ፣ በሙቅ ውሃና በሳሙና አጠብኩ፣ በበረኪና ጨረስኩ። የቆርቆሮውን ክፍተት በሲሚንቶ ደፈንኩ። ለአየር የሚያስፈልጉትን ቀዳዳዎች ደግሞ ዓይኑ ከ3 ሚሊ ሜትር በማይበልጥ ወንፊት ሽቦ ሸፈንኳቸው። በቀጣዩ መስከረም ቃኚ ንቦች መጥተው ክፈፉን ዞሩ፣ አሸተቱ፣ ሄዱ።

መነደፍ አይቀርም። ንብ እሾኋን ትታ ስለምትሄድና መርዙ መፍሰሱን ስለሚቀጥል ወዲያው መንቀል ነው፤ በጥፍርም ይሁን በካርድ፣ ዋናው ፍጥነቱ ነው። ከዚያ በሳሙና አጥቦ በረዶ መያዝ። የተነደፈው ሰው ፊቱ ወይም ምላሱ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረው ወይም ራሱን ካዞረው ግን ቤት ውስጥ ምንም አትሞክሩ፤ ቀጥታ ሆስፒታል። መንጋው ካባረራችሁ ደግሞ እጅ ማወራጨት አይጠቅምም። ፊትን ሸፍኖ ሮጦ፣ ቤት ገብቶ በር መዝጋት ነው።

ተርብ ሌላ ጉዳይ ነው። እሾኋን ስለማትጥል ደጋግማ ትናደፋለች። ከእንጨት ፍቆ ያላመጠውን እንደ ወረቀት አድርጎ፣ ተገልብጦ የተንጠለጠለ ጃንጥላ የመሰለ ጎጆ ይሠራል። ጓሮ ጥግ ያለውን ትቼዋለሁ። ጎመኔን የሚበላውን ትል እያደነ ይወስድልኛል፣ ምን በወጣው ይባረራል? የበሩ መብራት ላይ የሠራው ግን ልጆች የሚያልፉበት ስለሆነ መነሳት ነበረበት። ማታ፣ ሁሉም ጎጆው ላይ ሲሰበሰቡ፣ ኦሞ የተበጠበጠበት ውሃ በመርጫ ረጨሁባቸው። የሳሙና ውሃ ክንፋቸውን ያርሳል፣ መተንፈሻቸውን ይዘጋል። ሲነጋ ጎጆውን አንስቼ የተንጠለጠለበትን ዘንግ ፋቅኩ። ገና ሳንቲም ሲያክል ከደረሳችሁበት ደግሞ ረጅም እንጨት ይበቃል።

ግድግዳ ላይ ጭቃ የምትለጥፈዋን ቀጭን ተርብ ብዙ ሰው ይፈራታል፤ በከንቱ። ብቻዋን ነው የምትኖር፣ ካልያዟትም አትናደፍም። ጭቃውን ሰብራችሁ ብታዩ ለልጇ ያስቀመጠቻቸው የደነዘዙ ሸረሪቶች ታገኛላችሁ።

አሁን ማንጎው ላይ ባዶ ቀፎ ሰቅለናል። ጋሼ ውስጡን በጠጅ ሳር አሽተውታል። መንጋ ከገባበት እሳቸው ይወስዳሉ፤ ማሩ እንደ በፊቱ እኩል ነው።